ስምንተኛው ማሰሮ

በኖርቪክ ከተማ ከአርዲስ ሃውግስታድ የበለጠ የስልክ ሽቦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በመላው ሰሜን ዳኮታም አልነበረም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ከሚሲሲፒ ወንዝ ወዲህ አልነበረም፤ ከወዲያ ማዶ ያለውን የቆጠረው የለም እንጂ እዚያም አይኖርም። ሐሙስ ጠዋት ግን ይህች ሴት በአሮጌው የገጠር ትምህርት ቤት ጥግ፣ ደረቷ ድረስ ከሚደርስ የብረት ሳጥን ፊት በበረዶ ላይ ተንበርክካ፣ አሥራ አንድ ቀይ መብራቶች ላይ አፍጥጣ ነበር። መብራቶቹም መልሰው አፍጥጠውባታል።

ሳጥኑ የዲኤስኤል፣ ማለትም በስልክ ሽቦ የሚሄድ ኢንተርኔት፣ አሰባሳቢ ነው። ከየእርሻው የሚመጣውን የስልክ ሽቦ ይቀበልና ንግግሩን በንግግር መንገዱ ይሸኛል፤ ኢንተርኔቱን ደግሞ የሁሉንም ሰብስቦ ከፀጉር በማትወፍር የፋይበር ክር ወደ ከተማ ያስወነጭፋል። ቅርብ ላለው ቤት ብዙ፣ ሩቅ ላለው ሽቦው የቻለውን ያህል፣ ለእያንዳንዱ ፍጥነቱን ራሱ መጥኖ ይሰጣል። መብራት ቢጠፋ በባትሪው ስምንት ሰዓት ሙሉ ይሠራል። የፋብሪካው መጽሐፍ ከዜሮ በታች አርባ ዲግሪ ይችላል ይላል። ኖርቪክ ውስጥ አርባ ዲግሪ ሰው ኮቱን ሳይቆልፍ ፖስታ ሊያወጣ የሚሄድበት አየር ነው፤ ነፋሱ ከካናዳ ያለ ፓስፖርት ገብቶ፣ ገና ከአፍ ያልወጣውን ቃል ጉሮሮ ውስጥ ያደርቃል። ሳጥኑ ያን ሁሉ ክረምት አንድ ቀን እንኳ አላስነጠሰውም።

ችግሩ ሌላ ነው። ቅዳሜ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ አለ። አባቶቻቸው ምሰሶ በጫንቃቸው ተሸክመው ያቋቋሙት ማኅበር ራሱን ችሎ ይቀጥል ወይስ ሩቅ ከተማ ላለ ትልቅ ኩባንያ ይሸጥ፣ እዚያ ድምፅ ይሰጥበታል። ከተሸጠ ቢሮው ይዘጋል፤ አርዲስም የመኪናዋን ቁልፍ ከሃያ ሦስት ዓመት ሥራዋ ጋር ታስረክባለች። ከሁለት መቶ ሰባው አባላት ግማሹ ይሸጥ፣ ግማሹ አይሸጥ ብሎ ቆርጧል። ሚዛኑን የሚደፉት በደቡብ መንገድ ያሉት አሥራ አንድ እርሻዎች፣ የአሥራ አንዱ ቀይ መብራት ባለቤቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ ኢንተርኔት ይመጣላችኋል ከተባሉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አርዲስ ባለፈው ዓመት ስብሰባ ላይ ብድግ ብላ፣ “እስከሚቀጥለው ስብሰባ ካልገባላችሁ እኔ ራሴ ይሸጥ ብዬ እቆማለሁ” ብላ ነበር። በማይክራፎን፣ አፏ ውስጥ ኬክ እያለ።

ያልሠራችው ነገር የለም። በጋውን ሙሉ ማሰሮ ስታወጣ ከርማለች። ማሰሮ የሚሉት፣ የድሮ ሰዎች ረጅም ሽቦ ላይ ንግግር እንዳይደክም እያሉ መሬት ውስጥ የቀበሩት፣ ሆዱ በመዳብ ጥቅል የተሞላ የብረት ዕቃ ነው። ለንግግር መድኃኒት፣ ለዲኤስኤል መርዝ። የመስመሩ ካርታ ላይ ሰባት ማሰሮ ነበር። ሰባቱንም አወጣች። ያወጣችው አፈር ቢከመር ሰሜን ዳኮታ በታሪኳ የመጀመሪያውን ተራራ ታገኝ ነበር። መብራቶቹ ግን ያው ቀይ ናቸው።

አንድ ፒክአፕ መኪና አጠገቧ መጥቶ ቆመ። በመስኮቱ ብቅ ያሉት አቶ ሩበን ሽሌንከር ናቸው፤ የደቡብ መንገድ ትልቁ ከብት አርቢ፣ የ“ይሸጥ” ወገን አፈ ጉባኤ።

“አንቺ የያልመር ልጅ! አሁንም ጸሎት ላይ ነሽ?”

“ብሎን እያጠበቅኩ ነው፣ አቶ ሩበን።”

“ተንበርክከሽ ሳይሽ ተስፋ ቆርጠሽ መነኩሲት ልትሆኚ መስሎኝ።”

“እርስዎን የሚያህል ጎረቤት ይዤ መመንኮስ ምን ያደርግልኛል? ተፈትኜ ጨርሻለሁ። በዚህ ብርድ ወዴት ነው?”

“ወዴት ይሆናል? ጨረታ ነዋ! ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ኮርማ ይመርጣል፣ እኔ አርባ ማይል እነዳለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚያ እስክደርስ ዓይኔን የጣልኩበት ኮርማ ተሸጦ፣ ተጭኖ፣ አዲሱ ቤቱ ገብቶ፣ ሦስት ሚስት አግብቷል።”

“እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለኝ።”

“ቅዳሜማ ‘ይሸጥ የምትሉ ቁሙ’ ሲባል ጉልበቴ ሲንቋቋ በደንብ ትሰሚያለሽ። ከፊት ወንበር ነው የምቀመጠው፣ ላንቺው ብዬ።” መስኮቱን ዘጉና የበረዶ ደመና አስነሥተው ሄዱ።

አርዲስ የመኪናዋን በር ከፍታ አንድ ትንሽ ካርቶን አወጣች። ከፋብሪካው ገና ትናንት የደረሰ የመመርመሪያ ካርድ ነው። ሳጥኑን ማጥፋት አያስፈልግም፤ አንዱን ካርድ መዛ ሌላውን ሰካች፤ የአንድም ሰው ስልክ አልተቋረጠም። ይህ ካርድ ሽቦው ጫፍ ላይ ሰው ሳያስፈልገው በሽቦው ምልክት ይለቃል። ምልክቱ እየበረረ ሄዶ እንቅፋት ሲገጥመው ይመለሳል፤ ሳጥኑም የሄደበትንና የመጣበትን ጊዜ ቆጥሮ እንቅፋቱ ስንት ጫማ ላይ እንዳለ ይናገራል። እስከ ዛሬ አርዲስ ጥፋቱ በየቤቱ መግቢያ ያለ እርጥብ መገጣጠሚያ ይመስላት ነበር። የመጀመሪያውን መስመር መረመረች። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ጫማ። ሁለተኛውን። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ። አሥራ አንዱም አንድ ቃል ተናገሩ፤ ዓይነቱንም ጨምረው። ማሰሮ።

ለማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ለኮርዴል ኒስ ደወለች።

“ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ጫማ ላይ ካርታው ምን ይላል?”

ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። “ምንም። ባዶ ነው።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“አርዲስ፣ የአባትሽ ካርታ እኮ ነው። የያልመር ካርታ የጥፍር ያህል ስቶ አያውቅም።”

“አውቃለሁ። ያስጨነቀኝ እሱ ነው” አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ በመኪናዋ ርቀት መለኪያ እያየች የሽቦውን መንገድ ተከትላ ነዳች። ቁጥሩ ሲሞላ ከአቶ ሩበን ሽሌንከር የእርሻ መሣሪያ ሼድ በር ፊት ለፊት ደረሰች። ሼዱ አውሮፕላን ያሳድራል። ወለሉ ደግሞ ኮንክሪት ነው፤ አቶ ሩበን ያፈሰሱት ኮንክሪት ድማሚት ቢጠመድለት ይስቃል እንጂ አይሰነጠቅም። አርዲስ ከመኪናዋ አልወረደችም። መሪውን አዞረችና ወደ አረጋውያን ቤት ነዳች።

ያልመር ሃውግስታድ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሠላሳ ስምንቱን ምሰሶ ላይ ነው ያሳለፉት። ከሦስት አሮጊቶች ጋር ዶሚኖ እየተጫወቱ፣ ሦስቱንም እያጭበረበሩ ነበር። ኖርቪክ ውስጥ የእሳቸውን የደቡብ መስመር ታሪክ ያልሰማ ሕፃን የለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በአሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ አንድ ከዋናው ከተማ የመጣ መሐንዲስ፣ ያ መስመር ስምንት ማሰሮ ካልተቀበረለት ሰው አያነጋግርም አለ። ያልመርም፣ እኔ የገጣጠምኩት ሽቦ በሰባት ይዘፍናል አሉ። ሰባት ቀበሩ፤ መሐንዲሱ ከወር በኋላ መጥቶ ቢሞክረው ድምፁ እንደ ደወል ጠራ። በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ። ያንን ደብዳቤ ያልመር በሠርግም፣ በቀብርም፣ በክርስትናም አንብበውታል።

አርዲስ አጎንብሳ ሳመቻቸው። “አባዬ፣ ደቡብ መስመር ላይ አንድ ነገር አለ።”

“በረዶ አለ።”

“በረዶ ዲኤስኤል አያግድም።”

“እኔ የገጣጠምኩትን መስመር ምንም አያግደውም። ግጥሚያው ላይ ዝንብ ብታርፍ ያዳልጣታል። አምስት አለኝ፣ ተጫወቺ ኢንገር” አሉ ወደ አንዷ አሮጊት ዞረው።

“ሳጥኑ ግን ማሰሮ አለ ይላል።”

“ሳጥኑ ስንት ዓመቱ ነው?”

“አራት ወሩ።”

“የአራት ወር ጥጃ አፉን የሚከፍተው ለጡት ነው፤ ምስክርነት አይሰጥም።” አሮጊቶቹ ሳቁ፤ ያልመር ደረታቸውን ነፉ። “ሰባት ነው። ሰባት ብያለሁ፣ ሰባት።”

“ሰባቱን በእጄ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ስምንተኛ አለ። ካልነገርከኝ ነገ ከመነሻው ጀምሬ መስመሩን ሙሉ እቆፍራለሁ።”

“በመጋቢት? መሬቱ እኮ መዶሻ ይበላል! ደግሞስ ሩበን ኮንክሪቱን ስትሰብሪበት እጁን አጣጥፎ የሚያይሽ ይመስልሻል?”

አንዷ አሮጊት የያዘችውን ዶሚኖ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

“አባዬ” አለች አርዲስ። “እኔ ኮንክሪት የሚል ቃል አልወጣኝም። ሩበንም አላልኩም።”

ያልመር ኮርኒሱን አዩ። መስኮቱን አዩ። ከዚያ ዶሚኖውን አንድ በአንድ መልሰው አቆሙ፤ ጊዜ ለመግዛት ከዚህ የረዘመ ሥራ አላገኙም።

“ዴልፊን ናት” አሉ በመጨረሻ።

“የሩበን ሚስት?”

“ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ሽቦው በተዘረጋ በሦስተኛው ሳምንት ደውላ፣ ‘ያልመር፣ የእናቴ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል’ አለችኝ። እናቷን ለሚያውቅ ሰው ይሄ በረከት ነው። እሷ ግን አለቀሰች። መሐንዲሱ ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ሊፈትነኝ ይመጣል። ታዲያ ምን ላድርግ? እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እናትሽን ሆዴን አመመኝ ብዬ…”

“ስምንተኛውን ቀበርክ።”

“በአንድ አካፋ፣ በአንድ ጠዋት፣ ፓስተሩ ስብከቱን ሳይጨርስ! ማንም አላደረገውም፣ ወደፊትም ማንም አያደርገውም። የሚያሳዝነው ልፎክርበት አለመቻሌ ነው።” ትንሽ ተነፈሱ። “በኋላ ሩበን ከላዩ ሼድ ሠራበት። እግዚአብሔር ራሱ ከደነልኝ አልኩ።”

አርዲስ በመንገዷ ከቢሮ የወሰደችውን የመስመሩን ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና እርሳስ ሰጠቻቸው። ያልመር እያጉረመረሙ ተቀበሉ። ስምንተኛውን ክብ ሣሉ፤ ከሼዱ በፊት ሽቦው ብቅ የሚልበትን፣ ከበረቱ በስተጀርባም እንደገና ብቅ የሚልበትን ምልክት አደረጉ።

“አርዲስ። ደቡብ መንገድን እንድትቀጥዪ ነው የነገርኩሽ። ግን ለሰው አትንገሪብኝ።”

“ማንም ካልጠየቀኝ አልናገርም። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።”

“አንቺ የማን ልጅ ነሽ?”

“የእናቴ” አለችና ካርታዋን አጣጥፋ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ሆኖ ፀሐይ እንደ ተለጠፈ ሥዕል ሰማይ ላይ ተሰቅላለች። አርዲስ የአቶ ሩበንን በር አንኳኳች። ሐሳቧ ቀላል ነው። ኮንክሪቱን መስበር አያስፈልግም፤ ማሰሮውን አልፎ የሚሄድ ሌላ ሽቦ በበረዶው ላይ ይዘረጋል፤ መሬቱ ሲለሰልስ ግንቦት ላይ ይቀበራል። በክረምት እንዲህ ያለ ሽቦ በበረዶ ላይ ተጋድሞ፣ ከጎኑ ብርቱካናማ ባንዲራ ተተክሎበት ማየት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ሽቦው ማለፍ ያለበት በአቶ ሩበን ግቢ መካከል መሆኑ ነው።

“በግቢዬ?” አሉ አቶ ሩበን፣ ከእንቁላልና ከቋሊማ ፊት እንደ ተቀመጡ። “ነገ ላሸንፍሽ ነው፣ ዛሬ መንገድ ልስጥሽ? እኔን እንደ ምን ብታዪኝ ነው?”

“እንደ ከብት አርቢ። ኢንተርኔት የሚፈልግ ከብት አርቢ።”

“ለምን በድሮው አይሄድም? ከሼዴ ሥር ምን አለ?”

ጥያቄው መጣ። አርዲስ ጓንቷን አወለቀች። አልዋሽም ብላለች፤ ደግሞም ሰዓቱ እየሄደ ነው። ነገረቻቸው፤ ማሰሮውን፣ እሑዱን፣ የሆድ ሕመሙን፣ ሁሉን።

አቶ ሩበን ሹካቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ የመጣው ሳቅ ከጣሪያው ላይ የሁለት ሳምንት በረዶ አወረደ፤ በረት ውስጥ ያሉት ላሞች ወተት ከለከሉ።

“ያንን ደብዳቤ” አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ “ያንን ደብዳቤ በሠርጋችን ሃያ አምስተኛ ዓመት ላይ አንብቦልናል! ነገ ይሄን ለሁሉም ነው የምነግረው። ያልመር ይሰማኝ፣ ሰው ሁሉ ይሰማኝ!”

“ይንገሩ። ሽቦውን ግን ዛሬ እዘረጋለሁ።”

“ካልፈቀድኩስ?”

“ትፈቅዳለህ” አለች ዴልፊን ከምድጃው አጠገብ። ነጠላ ጫማ አድርጋ፣ መጥበሻ ይዛ ቆማለች። “ያ ሰውዬ እኔ እናቴን እንድሰማ ብሎ የቀበረው ነው። አንተ ለእኔ ምን ቀብረህልኛል?”

“ሼዱን ሠርቻለሁ!”

“ለትራክተርህ ነው የሠራኸው።” ወደ አርዲስ ዞረች። “ይልቅ ንገሪኝ። ይሄ ኢንተርኔት ሲገባ የጎረቤት ወሬ ይሰማበታል? በድሮው የጋራ መስመር ጊዜ ስልኩን ቀስ አድርጌ አንሥቼ ስንት ጉድ እሰማ ነበር።”

“አይሰማም። ሳጥኑ የአንዱን ቤት ከሌላው ለይቶ ነው የሚይዘው።”

“አወይ! ታዲያ ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የጠበቅነው?” አለች ዴልፊን። ቢሆንም ባሏን በመጥበሻው እጀታ ጎሰም አደረገቻቸው፤ አቶ ሩበንም ወደ ግቢው በአገጫቸው አመለከቱ። ፈቃድ ማለት ነው።

ሽቦውን መዘርጋት አንድ ሰዓት ፈጀ። መግጠሙ ነው መከራው። አሥራ አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሽቦ፤ ሃያ ሁለት ግጥሚያ ከሼዱ ወዲህ፣ ሃያ ሁለት ከበረቱ ወዲያ። ሽቦው ከክር ይቀጥናል፤ በጓንት አይያዝም። አርዲስ ሦስት ገጥማ ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ትከታለች፤ አራት ገጥማ ትከታለች። ዘጠነኛው ላይ አውራ ጣቷ የሌላ ሰው ሆነ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ነፋሱ የያዘችውን ነጠቃት፤ ተሳደበችና እንደገና ያዘችው። “ትገጠማለህ” አለችው ሽቦውን። “ብትፈልግም ባትፈልግም ዛሬ ትገጠማለህ።”

በዚህ መካከል ትራክተር ሲያጓራ ሰማች። አቶ ሩበን ሰው የሚያህል ክብ የድርቆሽ ጥቅል በትራክተራቸው ሹካ ላይ ሰክተው መጡና ከነፋሱ በኩል አስቀመጡት። ሄዱና ሁለተኛውን አመጡ፤ ከዚያም ሦስተኛውን። ነፋሱ ቀጥ አለ።

“አመሰግናለሁ!” ብላ ጮኸች።

“ለአንቺ አይደለም!” ብለው ጮኹ። “ለከብቶቹ ነው!”

ከበረቱ ውጭ እስከ አንድ ማይል ድረስ ዝር ያለ ከብት አልነበረም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አርዲስ ወደ ትምህርት ቤቱ ጥግ ተመልሳ ሳጥኑን ከፈተች። መብራቶቹ አንድ ባንድ ብልጭ ብልጭ አሉ፤ ሳጥኑ ከየቤቱ ጋር እየተነጋገረ፣ የእያንዳንዱን ሽቦ አቅም እየለካ ነው። አንዱ አረንጓዴ ሆነ። ሁለት። አምስት። አሥር። አሥራ አንደኛው ግን ቀይ ነው። ቁጥሩን አየች፤ የሽሌንከር ቤት። ጣቶቿ አልታዘዝ ስላሏት ስልኳን በአፍንጫዋ ደወለች፤ ለማመን ያስቸግራል፣ ግን እንዲሁ ነው።

ዴልፊን አነሣች። “ሩበን ያቺን ሞደም ነገ ድምፅ ሳልሰጥ አልሰካም ብሎ ቁም ሣጥን ላይ ሰቅሏታል። አሁን በረት ነው።”

“ወንበር ላይ ወጥተሽ አውርጂያት።”

“አውርጄያታለሁ። የቱ ገመድ ነው የቱ ጋ?”

“ቢጫው ኮምፒዩተሩ ጋ፣ ግራጫው ግድግዳው ላይ። ከስልኩ ጋር ያለችውን ትንሿን ማጣሪያ አትርሺ።”

በስልኩ ውስጥ ማቃሰት፣ የጉልበት መንቋቋት፣ አንድ የወንበር ጩኸት ተሰማ። አርዲስ መብራቱ ላይ ዓይኗን ተከለች። ብልጭ አለ። ጠፋ። ብልጭ አለ። አረንጓዴ።

ቅዳሜ የማኅበሩ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የአሳማ ሥጋና በክሬም የተጋገረ ድንች አንድ ክፍለ ጦር ይቀልባል፤ ፓይ የሚባለው የፍሬ ኬክ ዓይነትማ ተቆጥሮ አላለቀም፤ አርባ ላይ ቆጣሪው ደከመ። ያልመር በተሽከርካሪ ወንበራቸው ከፊት ተቀምጠዋል። አርዲስ ጣቶቿ በፋሻ ተጠቅልለው ከግድግዳው ጥግ ቆማለች። ኮርዴል ኒስ አጀንዳውን አንብቦ፣ “ከድምፁ በፊት ጥያቄ ያለው?” ከማለቱ አቶ ሩበን ተነሡ። ጉልበታቸው እውነትም ተንቋቋ።

“አንድ ጥያቄ። ይቺ ሴትዮ ደቡብ መስመርን ለመቀጠል ሁለት ዓመት የፈጀባት ለምንድን ነው? ትመልስ።”

አርዲስ ማይክራፎኑን ያዘች። “ካርታው ላይ የሌለ አንድ ማሰሮ ነበር።”

“ካርታውን ማን ሠራው?”

“አባቴ።”

“እንግዲያው ካርታው ተሳስቷል ማለት ነው?”

“አዎ” ብትል ነገሩ እዚያ ያበቃል፤ ሰው ይሳሳታል፣ ማንም አይፈርድም። ያልመር ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አርዲስ ግን ሁለት ዓመት የጠበቁትን አሥራ አንድ ቤተሰቦች አየች።

“አልተሳሳተም” አለች። “ሆን ተብሎ ነው የተተወው። ሰባት ይበቃል የተባለው መስመር ስምንት ነበረው። ያወቅኩት ሐሙስ ነው፤ ቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ቀድሜ አገኘው ነበር። አባቴን አንድ ቀን ስለ ሥራው ጠይቄ አላውቅም፤ ሁሌም እሱ ነው የሚነግረኝ።”

“ያንን ማይክራፎን ወዲህ በይው!” የሚል ድምፅ አዳራሹን ሰነጠቀ። ያልመር ናቸው። “የእኔን ወንጀል እንዲህ በአጭሩ ትናገሪዋለሽ? አካፋውን እንኳ ሳትጠቅሺ?”

ተናገሩም። ለአርዲስ ሐሙስ ሲነግሯት አንድ ጠዋት ብቻ የነበረው ቁፋሮ አሁን ሁለት ተኩላና አንድ የበረዶ ማዕበል ጨመረ። ሰዉ ሆዱን ያዘ። ከኋላ አንዱ፣ “አርባ አራት ዓመት በሰባት ማሰሮ ስታደነቁረን!” ብሎ ቢጮህ፣ ያልመር ጣታቸውን ቀስረው፣ “አሁንም እላለሁ! የዴልፊን እናት ጮክ ብላ ብትናገር ኖሮ ሰባት ይበቃ ነበር!” አሉ። ፊታቸው ግን ቀልቶ ነበር፤ ማይክራፎኑን ከመለሱ በኋላም ሰውን ለማየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው።

አቶ ሩበን ገና አልተቀመጡም። “እኔ ልናገር የተነሣሁትን ሽማግሌው ወሰደብኝ” አሉ። “ስለዚህ ሌላ ልናገር። ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን ሳላጠልቅ፣ ከኩሽናዬ የከብት ጨረታ አይቻለሁ።”

“ገዛህ?” አለ አንዱ።

“ዴልፊን ከልክላኛለች። ለማንኛውም እያሰብኩ ነበር። ያ ትልቅ ኩባንያ ቢገዛን፣ ከሼዴ ሥር ያለውን ማሰሮ በምን ያገኘው ነበር? ማንን ሄዶ ያፋጥጥ ነበር?” ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ይሄው ነው። ዘገየብን፣ ኮርዴል፤ አስቆጥር።”

“ይሸጥ የምትሉ ቁሙ” አለ ኮርዴል።

ወንበሮች ተንጫጩ። አርዲስ መቁጠር አልቻለችም፤ የምታየው ደቡብ መንገድን ብቻ ነው። ሁለቱ ተነሡ፤ ኢንተርኔት ቀርቶ ጨረቃ ብታስገባላቸው የሚነሡ ሰዎች ናቸው። ዘጠኙ ተቀምጠዋል። አቶ ሩበንም ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸውን አጣጥፈው፣ ማንም እንዲያናግራቸው ሳይፈልጉ። ይሸጥ መቶ ሠላሳ ሁለት፤ አይሸጥ መቶ ሠላሳ ስምንት። ኮርዴል ሁለት ጊዜ አነበበው።

አርዲስ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ትንፋሿን ለቀቀች። አንድ ጉርሻ ሥጋ ሳትቀምስ የሰሜን መንገድ ሰዎች ከበቧት።

“የእኛስ መቼ ነው?” አለች አንዲት ሴት። “ወይስ እኛም ለመሰማት ይሸጥ ብለን መዛት አለብን?”

“ከዚህ በጋ በፊት” አለች አርዲስ። ከዚያ በሰዎቹ መሐል አልፋ ወደ ተሽከርካሪው ወንበር ሄደች። አባቷ ሁለተኛ ፓያቸው ላይ ናቸው። “አባዬ፣ ሰሜን መስመር ላይ ካርታው አምስት ማሰሮ ይላል።”

“አምስት ነው” አሉ ያልመር። ማንኪያቸውን ላሱ። “ወይም አምስት ገደማ።”

አርዲስ ኮታቸውን ከመስቀያው አውርዳ ጭናቸው ላይ ጣለችው። “ልበስ። ገና የሦስት ሰዓት ብርሃን አለ።”

“ፓዬን ልጨርስ እንጂ!”

“በመኪና ውስጥ ትጨርሰዋለህ።”

ወንበሩን እየገፋች ወጣች። አቶ ሩበን በሩን ያዙላት። አባቷን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ብርድ ልብስ ጠቀለለችላቸው፣ የፓዩን ሳህን እጃቸው ላይ አደረገችና የሰሜንን መንገድ ይዛ ነዳች። ገና አንድ ማይል ሳይሄዱ ያልመር በማንኪያቸው የመኪናውን መስታወት መታ መታ አደረጉ።

“እዚህ ጋ ቀስ በይ” አሉ።